የቆርኪው ጨዋታ

ወደ እስር ክፍሉ ሲገፈትሩኝ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ጓደኛዬን። ግርፋቱ ሲጠናብኝ የተደበቀበትን ቤት የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። አየኝና ፊቱን አዞረ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ክፍሉ ድሮ የነጋዴ መጋዘን ነበር። ከአትክልት ተራ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታና የተሸካሚዎች «ዞር በል!» የሚል ጩኸት ይገባል። ከሰዓት በኋላ እስረኛው አንድ ጨዋታ ነበረው። አንዱ ተራኪ ሆኖ ሌሎቹን በሐሳብ ፒያሳ ያወጣቸዋል። የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ቆርኪ ወርውረን እንለያለን። ወሬ ስለምችል ተራኪነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ጓደኛዬ ብቻ አይጫወትም።

አበላሸሁት። «አሁን ቸርችልን ትወርዳለህ፣ ከዚያ ትያዛለህ» እያልኩ ሁሉንም ራሴ እወስናለሁ።

«ወንድሜ፣ አንተ እኮ ሁለተኛ መርማሪ ሆንክብን!» አለ አንዱ የአራዳ ልጅ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አብረውን የታሰሩ አንድ የቴአትር መምህር ነበሩ፤ ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ያጠኑ ሰው። ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ጨዋታ ማለት ምርጫ ነው። ለተጫዋቹ ያለበትን ንገረው፣ የሚያሰጋውን አሳየው፣ 'ምን ታደርጋለህ?' በለውና ዝም በል። የመረጠው ደግሞ ዋጋ ያስከፍለው፤ አለዚያ ምርጫ አይባልም።»

«ዝም ማለት አልችልበትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ።

በማግስቱ እንዳሉኝ አደረግሁ። ክፍሉ ሞቀ፤ ሰዎቹ በየምርጫቸው ተከራከሩ። ያኔ እሱ ከጥጉ «እኔም ልግባ» አለ።

ሌላ ታሪክ አልመጣልኝም። «ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነህ። ይፈልጉሃል። መደበቂያ አግኝተሃል። ጓደኛህ 'የት ነው የምታድረው?' ይልሃል። ምን ታደርጋለህ?»

«አልነግረውም።»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«ስለማላምነው አይደለም» አለ። «ሲገርፉት የሚናገረው እንዳይኖር ነው። ያን ጊዜ መንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።»

«ዋጋውስ?» አሉ መምህሩ።

«ብቻዬን አድራለሁ።»

ከዚያ ቆርኪውን አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረ። «አንተ ወርውርልኝ።»

ወረወርኩለት። ተሳካለት። ያን ቀን ከምሳ የቀረውን ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ።

ብዙ ሳይቆይ ተጠርቶ ወጣ፤ አልተመለሰም።

አሁንም አንዳንድ እሁድ ለወዳጆቼ ያንን ጨዋታ አጫውታለሁ። ጎበዝ ተራኪ ነህ ይሉኛል። «ምን ታደርጋለህ?» እላለሁ፣ ከዚያም ዝም። ዝም ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።