ክኒናቸውን የከለከሉን እትዬ አስካለ

ባለፈው ሰሞን ሚራክል ማይል አካባቢ አንድ ሕንፃ ሥር መኪናዬን ፓርክ ላደርግ ስወርድ፣ የእርጥብ ሲሚንቶና የቤንዚን ሽታ ተቀበለኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ ከሥራ ሲመለሱ ሰማያዊ ሹራባቸው እንዲህ ነበር የሚሸተው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያ ሽታ ሲመጣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። በስደት የምንኖርበት የፌርፋክስ ጎዳና ገና በአገራችን ስም አልተጠራም፤ አንድ ሁለት ምግብ ቤትና አንዲት የቅመም ሱቅ ብቻ ነበሩን። እኔና አባቴ ከጎዳናው ጀርባ ባለ አሮጌ አፓርታማ ላይኛው ፎቅ እንኖር ነበር። እናቴ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ አዲስ አበባ ቀርታለች። አባቴ ታክሲ ይነዳል። ማለዳ እኔን ይቀሰቅስና አንዳች ሳይቀምስ ይወጣል፤ ቀኑን በሬዲዮ እየተጠራ ሲዞር ይውላል። እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበሩ። ዊልሸር ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ በመስታወት በተከበበች ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ከመኪና ማቆሚያው የሚወጡትን ሰዎች ቲኬትና ክፍያ ይቀበላሉ። ከሥራ ሲወጡ እኔን ከትምህርት ቤት ይዘውኝ ይመጣሉ።

አጭር ናቸው፤ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። የስኳር በሽታ ነበረባቸው። በዚያ ዘመን ሰው ሕመሙን ከጎረቤት ይደብቅ ነበር፤ እሳቸው ግን «ስኳር አለብኝ» የሚሉት «ልጅ አለኝ» እንደሚል ሰው ነበር፤ ሳያፍሩ፣ ሳያጋንኑ።

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ቤት ስሄድ ክኒን ሲወስዱ አያለሁ። መጀመሪያ ምግቡ ይሠራል፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል። ከዚያ መነጽራቸውን ያደርጉና ቡናማዋን ብልቃጥ ያነሳሉ፤ ላይዋ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አንዲት ፍሬ ያወጣሉ። ውጠው ሲያበቁ ከጎማ ሱቅ የተሰጣቸው የግድግዳ ካላንደር ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ።

አንድ ቀን «እትዬ፣ በቃልዎ ያውቁት የለ? ለምን በየቀኑ ያነባሉ?» አልኳቸው።

«እኔ እረሳለሁ፤ ወረቀቱ አይረሳም» አሉኝ።

ፋርማሲ አብሬያቸው ስሄድ ግን አፍር ነበር። ባለሙያው በፍጥነት ያወራል፤ ከኋላችን ሰልፉ ይረዝማል። እሳቸው «ስሎው፣ ፕሊዝ» እያሉ ያስደግሙታል። ካልገባቸው እንደገና ያስደግሙታል። እኔ የፖስትካርዱ መደርደሪያ ጀርባ እደበቃለሁ። እሳቸው ግን የተነገራቸውን በአማርኛ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ ከመስኮቱ ንቅንቅ አይሉም።

በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል አባቴ ከሳ። ታክሲው ውስጥ አንድ ጋሎን ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። አንድ ምሽት እትዬ አስካለ ምስር ወጥ ይዘው ሲመጡ በር ላይ ያዛቸው።

«እትዬ፣ የኔም ስኳር ሳይሆን አይቀርም። ሐኪም ቤት ለመቀመጥ ጊዜ የለኝም። ሶ፣ ከክኒንዎ ጥቂት ቢሰጡኝ?»

«አልሰጥህም፣ ተስፋዬ።»

«ለሳምንት ብቻ እኮ ነው።»

«ለእኔ በልክ የታዘዘ ነው። ላንተ ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ? ነገ ከሥራ ቀርቼ ሐኪም ቤት አብሬህ ልሂድ፤ ክኒን ግን አልሰጥም።»

አባቴ ሳህኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። «ጨው የሚሰጥ ጎረቤት ክኒን ይነፍጋል?» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውን «እንደምን አደሩ» ከማለት በቀር አላናገራቸውም። እሳቸው እንደ ድሮው ከትምህርት ቤት ያመጡኛል፤ ስለ አባቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ክኒኑን ከሌላ ቦታ ማግኘቱን ያወቅነው በኋላ ነው። ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር የታክሲ ባልደረባው ከራሱ ብልቃጥ ከፍሎ ሰጥቶታል።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ዓርብ እኔና እትዬ አስካለ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የአባቴ ታክሲ አንድ ጎማው እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። አባቴ መሪው ላይ ተደግፏል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «አባዬ» ስለው አየኝ፤ ግን ማን እንደሆንኩ የሚያስብ ይመስል ነበር።

እትዬ አስካለ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ሞተሩን አጠፉ።

«ተስፋዬ፣ ምን ዋጥክ?»

«ኦኬ ነኝ... ደክሞኝ ነው» አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል።

ከሸሚዙ ኪስ በወረቀት የተጠቀለሉ ክኒኖች አወጡ። «መቼ ነው የዋጥከው? በልተሃል?»

«ጠዋት... ጾም ነው።»

ከቦርሳቸው የማትለይ ትንሽ የብርቱካን ጭማቂ ቆርቆሮ ነበረች። ከፍተው ወደ አፉ አስጠጉለት። ፊቱን አዞረ። «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር? ደግሞ ሰዓቱ ገና ነው።»

«ስኳርህ አልቆ ነው እንዲህ የሆንከው። ጠጣ። የጾሙን እኔ ለቄሱ እመልሳለሁ።»

ጠጣ። እኔ የሹራባቸውን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠራ፤ ስሜን ጠራኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። አባቴ ሊነሳ ሞከረ። «አሁን ድኛለሁ፤ ወደ ሥራዬ ልመለስ።»

«አንተ ድነሃል፤ ክኒኑ ግን ሥራውን አልጨረሰም» አሉት። ታች ካለው ጎረቤት ስልክ አምቡላንስ አስጠሩ፤ መኪናው ውስጥም አብረውት ገቡ፤ እኔን እግራቸው ሥር አስቀመጡኝ።

እንዳሉትም ሆነ። ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ስኳሩ ዳግመኛ ወረደ፤ እዚያ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ሊነግረን አልፈለገም። ባልደረባው የሰጠው ክኒን ጉልበቱ ቶሎ ከሰውነት የማይወጣ ዓይነት ነው። ሁለት ቀን አስተኙት።

በሁለተኛው ቀን አባቴ «እትዬ፣ ተቀይሜዎት ነበር» አለ።

እትዬ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እኔም አንድ ቀን የጠዋቱን ክኒን ረስቼ፣ ለማካካስ ብዬ ማታ ከማታው ጋር አንድ ላይ ውጫለሁ» አሉ። «በማግስቱ እዚያች መስታወት ቤት ውስጥ ሰው መልሱን እየጠበቀ ጥሩምባ ሲነፋ ሳንቲም መለየት አቃተኝ። ያረፈደብህን ትተህ በሚቀጥለው ሰዓት አንድ ብቻ መውሰድ እንደሚሻል ማን ነግሮኝ? ከዚያ ወዲህ ነው ሰው እስኪሰለቸው የምጠይቀው።»

ያኔ መደርደሪያ ጀርባ መደበቄ አሳፈረኝ።

አባቴ የራሱ ክኒን ታዘዘለት፤ በትንሽ መጠን፣ ከቁርስ ጋር። እትዬ አስካለ እንደ ቃላቸው የንስሐ አባቱ ዘንድ አብረውት ሄዱ፤ ቄሱም «መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይብላ» አሉ። እናቴ ከመጣች ከአንድ ዓመት በኋላ እትዬ አስካለ ካልቨር ሲቲ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሊኖሩ ሄዱ። ዐረፉ ሲባል ኮሌጅ ነበርኩ።

ስለ እሳቸው ሳስብ ብዙ የማስታውሰው ጠዋቱን ነው። አባቴ ክኒኑን ባዶ ሆዱን መዋጥ ስለተከለከለ ከዚያ ወዲህ ሳይበላ አይወጣም። እናቴ እስክትመጣ ድረስ እኔና እሱ በየማለዳው ጠረጴዛው ዙሪያ እንቀመጣለን፤ አጃ ገንፎ ነው፣ አንዳንዴም ያረረ እንቁላል። ስለ ትምህርት ቤቴ ይጠይቀኛል፤ ስላሳፈራቸው ሰዎች ይነግረኛል። ከዚያ በፊት አባቴን የማውቀው ከጀርባው ነበር፤ በር ሲከፍት፣ ደረጃ ሲወርድ። እየሳቀ ሲያወራ የፊት ጥርሱ ትንሽ መሸረፉን ያየሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።