አባቴ በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣልኝ የጠፈር ፊልም

አባቴ ዛሬ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በፊልሙ ላይ የጠፈር መንኮራኩሯ ስትነሳ እጄን ያዝ አደረገና «ይሄኛውን አምጥቼልሽ ነበር?» አለኝ።

ልጅ እያለሁ አሰብ ነበር የምንኖረው፤ እሱ ወደ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ሲመለስ የዚህን ባለብዙ ክፍል የጠፈር ፊልም የቀድሞ ክፍሎች ካሴት፣ የበረሃው ሙቀት እንዳያበላሸው በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣልኛል።

የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ለሱ ካሴት ካሴት ነው። ሦስተኛውን ከአንደኛው በፊት አየሁት። በፊልሙ ሞተው አልቅሼ የሸኘኋቸው ሰዎች በሚቀጥለው ጉዞው ደህና ሆነው ይመጡልኝ ነበር።

ሁለተኛውን ሳያመጣልኝ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ።

የዛሬው ፊልም ዘንድሮ የወጣ ነው። «አዎ አባዬ፣ አምጥተህልኛል» አልኩት። እጄን ሳይለቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ለእናንተስ ካሴት የሚያመጣላችሁ ማን ነበር?