አጭሩ ኪቦርድና የአባቴ መቋሚያ

ልጄ አዲስ አበባ ፒያኖ ትማራለች። ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ይዟት ለማገገም ወደ መካነ ሰላም መጣች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ፈተና አለባት፤ አንድ ድሮ የሞተ አውሮፓዊ የደረሰውን ከባድ ዜማ በቃሏ መጫወት ነበረባት። ካልቻለች ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች። ታማ ሳለች፣ ትዳንልኝ እንጂ ሌላው ይቅር ብዬ ነበር። ከዳነች በኋላ ግን፣ የሰው ነገር፣ ፈተናውንም እንድታልፍ ተመኘሁ።

በሰፈራችን ፒያኖ ያለው ሰው አላውቅም። ከከተማው የኪነት ቡድን ኪቦርድ ተዋስን። ኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ከተነካች በራሱ ጊዜ የሠርግ ምት ይጀምራል። ገና በመጀመሪያው ቀን ጀመረ። ልጄ ማጥፊያውን እስክታገኝ ሙስሊሟ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ጾሙ እሷ ሳትሰማ ተፈቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብዙ ቀን ሳቀችብን።

ከዚህ የባሰው ግን ማጠሩ ነው። ዜማው ወደ ግራ፣ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሲወርድ ኪቦርዱ ያልቅና የልጄ እጅ ጠረጴዛውን ይመታል። በተለይ አንድ ቦታ አለ። ሁለቱም እጆቿ እንደ ክረምት ዶፍ ሲወርዱ ቆይተው ቀጥ ይላሉ። ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ይመጣል። ያ ድምፅ ኪቦርዱ ላይ የለም። እሱን ካልሰማች ደግሞ የሚቀጥለው ይጠፋባታል።

«እማዬ፣ እዚያ ስደርስ ጀሪካኑን ምቺልኝ» አለችኝ።

በጾም ከበሮ አይመታም አልኳት። ጀሪካን ከበሮ አይደለም ብላ ተከራከረች። በኋላ ግን አሰብኩ፤ በጾም ካህናቱ በመቋሚያ ይዘምማሉ። የአባቴን መቋሚያ ከጥጉ አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራሷን ስትነቀንቅልኝ መሬቱን አንዴ እመታለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። ቀላል ይመስላል።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ልጄ ጣቶቿ እንዳይረሱ ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ቀጠለች፤ እኔም ቀጠልኩ። የነፍስ አባቴ እሷን ሊጠይቁ የገቡት ያኔ ነው። ልጅ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ታተራምሳለች፤ እናት ዝም ብላ ትቆይና መሬቱን በመቋሚያ ትወጋለች። መስቀላቸውን አወጡ።

«ሁለታችሁም ታመማችሁ?» አሉ።

አስረዳናቸው። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ተጫወተችላቸው። ፍርዳቸውን ፈርቼ ነበር፤ ዘፈን ነው ቢሉኝ በጾም ምን ይውጠኛል? እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙ።

«ቃል ስለሌለው ዘፈን ልለው አልችልም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንቺ ግን ልጄ፣ ትዘገያለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ከልጄ ይልቅ እኔ ተለማመድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ለፈተናው አብሬያት ሄድኩ። መቋሚያውን ልደገፈው ያዝኩት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። አስገቡኝና ከኋላ ተቀመጥኩ። የአዳራሹ ወለል ጣውላ ነው። ፒያኖው ረጅም ነው፤ ወደ ግራ ቢወርዱ ቢወርዱ አያልቅም። ልጄ ጀመረች። ዶፉ ወረደ። ጸጥ አለ።

ጸጥ እንዳለ ቀረ። ግራ እጇ አየር ላይ ቆሟል። የረሳች መስሎኝ እግዝእትነ ማርያምን ጠራሁ። ከዚያ ገባኝ፤ እኔን እየጠበቀች ነው።

መቋሚያው ወረደ። የቤታችን ወለል አፈር ነው፤ ያ ጣውላ ግን እንደ ጥምቀት ከበሮ አስተጋባ። ፈታኞቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። የልጄ እጅ ግን ቦታውን አግኝቶ ነበር። ስንት ጊዜ መሬት ላይ የመታሁላት ያ ወፍራም ድምፅ ያኔ በእውነት ተሰማ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አልቆመችም።

ስትጨርስ አንደኛው ፈታኝ ያ ምን እንደነበር ጠየቃት።

«እናቴ ናት» አለች። «ቤት ያለው ኪቦርድ አጭር ነው።»

አለፈች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስመለስ የነፍስ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ማለፏን ሰምተዋል። መስቀል አሳለሙኝና፣ «አንቺስ? ዘገየሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ፣ አባ። ጠበቀችኝ።»