ቁርሱን በልቶ የመጣው ጠበልተኛ

ደርግ ጎረምሳውን ከየመንገዱ እያፈሰ ጦር ሜዳ በሚልክበት ጊዜ፣ ልጄን እዚሁ ጉለሌ ወንዙ ዳር ካለው ጠበል፣ ከበሽተኞቹ መሀል ደበቅኩት። አንድ ጠዋት አንድ ሰውዬ መጥቶ «ሆዴን አሞኝ ነው» ብሎ አጠገባችን ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከጎረምሶቹ ላይ አይነቀልም። ጠረጠርኩት። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ጢሙ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ! በልቶ ጠበል የሚገባ ማን አለ?

«ወንድምዓለም፣ እንቁላሉ ለሆድህ ተስማማው?» አልኩት ጮክ ብዬ።

«እ... ማለቴ፣ እትዬ፣ የትናንት ነው።»

«ታዲያ አፍህን እንዳትጠርግ የያዘህ ሰይጣን ነዋ! ኑ፣ እናስጠምቀው!»

ጠበልተኛው ተረባርቦ ከነኮቱ ከምንጩ ሥር ከተተው። «ልቀቁኝ!» ብሎ ሲጮህ፣ «ሰይጣኑ ነው የሚለፈልፈው፣ ጨምሩበት!» እላለሁ። ሰውዬው ፊቱን ጠርጎ እስኪያይ፣ ልጄ ዳገቱን ወጥቶ የእንጦጦ ጫካ ገብቷል።