የአስቴር ሁለተኛ ስክሪን

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ የኮምፒውተር ሱቅ የከፈትኩ ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛዬ «ራሙ ስንት ነው?» አለኝ። እኔ መናኸሪያ ሬዲዮ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ይበቃሃል» አልኩት። አምኖኝ ገዛ። ራም ምን እንደሆነ የጠየቅሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዘመን የጽሕፈት ሥራ ጨመርኩ። ጸሐፊዋ አስቴር ኪቦርዱን ሳታይ ነበር የምትጽፈው። ውሎ አድሮ ግን ዓይኗ ያነባ ጀመር። ሐኪሙ የሚያበራ ስክሪን ቀንሺ አላት።

«ጋሼ፣ ወሩ ሲሞላ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ጽሕፈት ትተሽ ምን ልትሠሪ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ከአዲስ አበባ በጅምላ ካመጣሁት አሮጌ ዕቃ መሀል አንድ የመጽሐፍ ማንበቢያ ነበረ። ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው፤ የገዛው ሁሉ ይመልሰዋል። «ታብሌት ብለህ ሸጥክልኝ» ሲሉኝ «ታብሌት ነው፣ ጨዋ ታብሌት» እላለሁ። ስክሪኑ ግን እንደ ወረቀት ነው፤ ዓይን አይወጋም። ቴክኒሻናችን ፕሮግራም ጭኖ ከአስቴር ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። የምትጽፈው እዚያ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ዘግይቶ። ትልቁን ስክሪን አጠፋነው።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ ሊያስጽፉ መጡ። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። እኛ ጋ ባለጉዳይ ጸሐፊዋ ጎን ተቀምጦ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ ነው የሚያስጽፈው።

«ይችን ቃል አጥፊያት።»

አጠፋቻት። ስክሪኑ ግን ገና አልደረሰባትም።

«አጥፊያት አልኩሽ እኮ።»

ደገመች።

«ልጄ፣ ጆሮሽንም ያምሻል እንዴ?»

አስቴር ማጥፊያውን ተጭና ጣቷን አላነሳችም። ስክሪኑ ሲደርስ «የሊቀመንበሩ ሥልጣን» የሚለው አንቀጽ በቦታው የለም።

«ከእድሩ አወረድሽኝ» አሉ።

አንቀጹን መለሰችላቸውና ቦርሳዋን አነሳች። «ይኸው ሞከርኩት፣ ጋሼ። አልሆነም።»

«ቆይ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ትልቁን ስክሪን አብርቼ ወደ ጋሽ ደምሴ አዞርኩት። ማንበቢያውን እሷ ፊት አቆምኩት። የጻፈችውን ጣቶቿ ያውቁታል፤ ስክሪኑ ቢዘገይ ምን ቸገራት? እሳቸውም ቃሉ ወዲያው ሲጠፋ እያዩ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፉ። ደንቡ ከምሳ በፊት አለቀ።

ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ትልቁን ለኔ መስጠትህ ደግ ነው። ሊቀመንበር ነኝ።»

ሒሳቤን ተቀብዬ ሸኘኋቸው።

ወሩ ሞላ። አስቴር ሌላ ሰው የሚባለውን ነገር አላነሳችም። አንድ የሐይቅ ዳር አስጎብኚ ማንበቢያውን አይቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ፣ በነጋዴነት ዘመኔ ብዙም ያልወጣኝን ቃል ተናገርኩ፤ አይሸጥም አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዕቃ አልሠራም ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የማየው ማን ፊት እንደተቀመጠ ነው።