ቁልቁል የወረደው የማጠቢያ ድንጋይ

«ታችኛዋ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ልብስ አጣቢ የማጠቢያ ድንጋያቸውን ከደጃፋቸው ነቅለው ወደ ታች ያወረዱት የካቲት 9 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ዕለቱን በቃሉ የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

መንደራችን ማዘጋጃ ቤት ኖሯት አያውቅም። ሹም የለባት፣ ዘበኛ የለባት፣ በካርታም ላይ የለችም። መጀመሪያ አንድ ባለወፍጮ ከጅረቱ አናት ላይ ሠፈረ፤ ከዚያ ሌላው ከእሱ በታች፣ ሌላውም ከዚያኛው በታች እየሠራ ቤቶቹ እንደ ዶቃ በውሃው ዳር ተሰደሩ። ከመጨረሻው ቤት ወዲያ ሰው የማይኖርበት ረግረግ ብቻ ነው። ከላይ የሚኖር ንጹሕ ውሃ ይጠጣል፤ ከታች የሚኖር ደግሞ የላይኞቹን እጣቢ። ይህን ማንም እንደ በደል አይቆጥረውም ነበር፤ ሰው የለመደውን ግፍ ዕጣ ይለዋልና።

አጣቢዋ ከወፍጮው ቀጥሎ፣ ከመኪና መንገዱ አጠገብ ይኖሩ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንግዳ ማረፊያ አንሶላውን ሁሉ የሚያሳጥበው በእሳቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ አንሶላ ነው። ከእሳቸው ቤት በታች ታናሽ ወንድማቸው ክር በቀለም ይነክራል። እሱ ቀይ የነከረ ዕለት ጅረቱ ቀይ፣ ሰማያዊ የነከረ ዕለት ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወርድ፣ የታች ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ «ጅረቱ ዛሬ ምን ለብሷል?» ይባባሉ ነበር።

ዝናቡ ባነሰበት ዓመት ጅረቱ ቀጠነ፤ የታች ሕፃናትም በሆድ ሕመም ይወድቁ ጀመር። ሰው በወፍጮ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ሁሉም በነካሪው ላይ ጮኸ፤ በርሜሎችህን ወደ ታች አውርድ አለው። እሱም ቀልደኛ ነበርና፣ ከበላዩ የሚወርደው የሳሙና አረፋ እያለ የእሱ ቀለም ብቻ ለምን እንደሚከሰስ ጠየቀ፤ እኅቱ ከወረዱ እሱም እንደሚወርድ በሰው ፊት ተናገረ። ይህን ያለው አይወርዱም ብሎ ነው፤ ደጃፋቸውን ከለቀቁ አንሶላውን እንደሚያጡ ያውቅ ነበር። ስብሰባው ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ተበተነ።

በማግስቱ አጣቢዋ የባለወፍጮውን በቅሎ ተውሰው፣ ድንጋዩን በሠንሰለት አስረው፣ በመንደሩ መካከል እያስጎተቱ አለፉ። ሰው ከየደጃፉ ወጥቶ አየ። ከመጨረሻው ቤት በታች ሲደርሱ ድንጋዩን አስተካክለው ተከሉና ማጠብ ጀመሩ። ወንድማቸው ከላይ ሆኖ «ታችኛዋ» ብሎ ተሳለቀባቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንሶላው ይዘገይብኛል ብሎ ለሌላ ሰጠ፤ ዳግመኛም አልመለሰላቸውም። ታችኛዋ የመንደሩን ልብስ እያጠቡ፣ እርጥቡን ጭነት ተሸክመው ዳገቱን እየወጡ ኖሩ። ወንድማቸው ግን ለገባው ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንከሩን ቀጠለ። እሳቸውም አልወቀሱት፤ ምሳውንም እንደ ወትሮው ከእሳቸው ቤት ይበላ ነበር።

ከጊዜ በኋላ የነካሪው ሴት ልጅ ትዳር ይዛ ከመጨረሻው ቤት ገባች፤ ወለደችም። ነካሪው የልጅ ልጁን ሊያይ ወርዶ ሳለ ውሃ ጠማኝ አለ። ታችኛዋ ከሥራቸው ተነሥተው፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ከጅረቱ በብርጭቆ ቀድተው አቀረቡለት። ውሃው ሰማያዊ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እታለም?»

«ያንተው ነው። ጠጣ።»

«ቀልዱን ተዪኝ እስቲ።»

«ቀልደኛውስ አንተ። ልጅህ የምትጠጣው ይሄንኑ ነው። ይቺን ሕፃንም የምታጠባት ይሄንኑ ጠጥታ ነው።»

አራሷ አንገቷን ደፋች። ነካሪው ውሃውን አልጠጣውም፤ ብርጭቆውንም አላስቀመጠውም። እንደ ያዘው ዳገቱን ወጣ። በማግስቱ በርሜሎቹ እየተንከባለሉ ወረዱ፤ ከእኅቱ ድንጋይም በታች ተተከሉ። ላቡን እየጠረገ፣ «በይ እንግዲህ ስሙን አስረክቢኝ፤ አሁን ታችኛው እኔ ነኝ» አላቸው።

«አይ ወንድሜ፣ እርጥብ ልብስ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁበትን ስም? አልሰጥህም።»

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጽፈው ሕግ ሆነ፤ ውሃ የሚያቆሽሽ ሥራ ያለው ሁሉ ከመጨረሻው ቤት በታች ይሠራል። መንደራችን ስታድግ አዲስ ቤት የሚሠራው ከታች በኩል ነው፤ አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥርም ታችኛዋ ማንም ሳያስታውሳቸው ድንጋዩን ያወርዱ ነበር። ድንጋዩ ያረፈባቸው ጎድጓዶች ዛሬም በጅረቱ ዳር ይታያሉ። የመንደራችንን ታሪክ ማወቅ የሚሻ እነሱን እያየ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም።

ታችኛዋ በእርጅና ዐረፉ። ሹም ሳይሆኑ፣ ማንንም ሳያስገድዱ፣ ጅረቱ ከወፍጮው እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ የሚጠጣ እንዲሆን አደረጉ።