አንድ መቶ ሰባ አራተኛው ካርድ

እህቴ በዕድሜዋ ሮጣ አታውቅም። አውቶቡስ ሲያመልጣት ቆማ ታየዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ቦርሳዋን አናቷ ላይ ደፍታ በዚያው በለመደችው እርምጃ ትቀጥላለች። ልጆች ሳለን እንኳ አባሮሽ ስንጫወት «በቃ፣ ይዛችሁኛል» ብላ ቁጭ ትል ነበር። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ «ራን» ከሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ያቆራኟት። ሰው ሁሉ «ሮጠ ማለት ነው» ብሎ የሚያልፈው ቃል ነው። እሷም ብታልፈው ደስ ባለኝ።

ሰበቡ እኔ ነኝ። ከአስተማሪነት ጡረታ ስትወጣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ቃላቱ ለሠራተኞቹ በተከፋፈሉበት ዕለት ግን አልነበረችም። የእኔ ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ የከዳኝ ያን ቀን ነበርና ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ አብራኝ ተኮልኩላ ዋለች። በማግስቱ ስትገባ ቀላል ቀላሉ ተሻምቶ አልቋል። አንዱ ባልደረባዋ ጃንጥላን፣ ማንኪያንና ቀጭኔን የመሳሰሉትን ለቃቅሞ እስከ ምሳ ሰዓት ጨርሶ እጁን ታጥቧል። ለእሷ የቀረላት ማንም ያልነካው ነበር። «ዕድለኛ ነሽ፤ አንዲት ቃል ብቻ!» ብለው ሳቁባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ወይዘሪት ራን» ሆነ።

ዋና አዘጋጁ ችኮ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ፍቺ አንድ ካርድ ይጻፋል። ካርዱ ላይ ፍቺው፣ የአማርኛ አቻው፣ አንድ ምሳሌና ቀን ይሰፍራሉ። ምሳሌው ደግሞ ከጭንቅላት የተፈበረከ መሆን የለበትም፤ የካርዱ ጸሐፊ በዓይኑ ያየው ወይም በጆሮው የሰማው ነገር መሆን አለበት፤ ቀኑም ያ ነገር የሆነበት ቀን ነው። «ያልሆነ ነገር አይጻፍም» ይላል ሰውዬው፣ በየሳምንቱ ስብሰባ። እህቴ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቷና ከእኔ በቀር ምን ታያለች? እንዲህ እንዲህ እያለ ቤታችን ካርድ ላይ ወጣ።

ምሳ እየበላን ማንኪያዋን አፏ አጠገብ አድርሳ ፍዝዝ ስትል አንድ ነገር እንደያዘች አውቃለሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ውሃውን ሲያንዠቀዥቅ፣ ራን ነው። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ እንደ ሕፃን ሲዝረበረብ፣ ራን ነው። ቀዩ ሻሼ ቀለሙን ለቆ ነጭ ሸሚዟን ያበላሸ ጊዜ እኔ ላይ ከመጮህ ይልቅ እርሳስ ፍለጋ ሄደች። ስቶኪንጓ ከጉልበቷ እስከ ተረከዟ ሲተረተር፣ ማቀዝቀዣው እያጓራ ሲሠራ፣ ታችኛው ፎቅ ያለችው ጡረተኛ ነርስ ለነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ስትወዳደር፣ ሁሉም ያው ነው። አባታችን ግትር ነበር፣ እኔ ግትር ነኝ፣ ወንድማችን ግትር ነው፤ እሱም ዘር ውስጥ «ይሮጣል» አሉ።

«እነዚህ እንግሊዞች አንድ ድስት ብቻ ያለው ቤተሰብ ይመስላሉ» አልኳት አንድ ቀን። «ሾርባውም በሱው፣ ሻዩም በሱው፣ የሕፃኑ ልብስም በሱው። እኛ ለቧንቧው መፍሰስን፣ ለሻሹ መልቀቅን፣ ለስቶኪንጉ መተርተርን ሰጥተን ተገላገልን።»

«እትዬ፣ ድስቱን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ዓይኖቿን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ይዛ።

ድካሟን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሃምሳ አራት ደረጃ፤ አሳንሰር የለውም። አመሻሹ ላይ ስትመጣ በየፎቁ መታጠፊያ ቆማ ስትተነፍስ ይሰማኛል። መጀመሪያው ላይ ትንሽ፣ ሁለተኛው ላይ ብዙ። በሩን ከፍታ ስትገባ የጫማ ሳጥኑ ላይ ዘፍ ትላለች፤ ጫማዋን እንኳ ለማውለቅ አፍታ ይፈጅባታል። ከዚያ ተነሥታ እኔን ታጥባለች፤ ጉልበቶቼ ካለ ሙቅ ውሃ አያስተኙኝምና። በብብቴ ሥር ገብታ ከወንበር ታነሳኛለች፤ ሁለታችንም እናቃስታለን። ሁለት ያረጁ በሮች በአንድ ላይ ሲከፈቱ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም የሚሰማው።

ባለፈው ወር ወንድማችን ደወለ። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ምድር ቤት ላይ ትርፍ ክፍል አለው። «እትዬ፣ እኔ ጋ ብትመጪ ደረጃ የለ፣ ምን የለ» አለኝ። «እሷም እፎይ ትበል እንጂ። አታያትም እንዴ? አልቃለች እኮ! ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አስቢበት።»

ስልኩን ስዘጋ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች።

«ሰምተሻል?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ትያለሽ?»

«እንደፈቀድሽ፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ እሁድን ያነሳ የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ከመንቀዝም አልፎ ይሸት ጀመር። የምጠብቀው «አትሂጂ» እንድትለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ፍቺ ስትለቅም የኖረች ሴት አንዲት ቃል ነፈገችኝ። እሷስ ከእኔ አፍ ምን እንደምትጠብቅ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

በዚህ መሐል ነው ካርዶቹን የምትተይበው የመሥሪያ ቤታቸው ጸሐፊ የወለደችው። ዋና አዘጋጁ ስድስት ዓመት ሲያንቀላፋ ከርሞ የ«ራን» ንጹሕ ግልባጭ ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ ብታስረዳውም አልሰማም። ረቡዕ ማታ ካርዶቹን በሣጥን ታቅፋ መጣች። «እትዬ፣ ትጽፊልኛለሽ?» አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሰው ልጅ ሲካካድ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። እግሬ እንጂ ጣቶቼ አልከዱኝም። ለአንድ ሰው የምጠቅምበት ነገር በመገኘቱ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየኋትም።

ሐሙስ ጠዋት እሷ ስትወጣ ጀመርኩ። መቶ ሰባ ሦስት ካርድ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ተደግፌ፣ ኮምፒውተሩን ትራስ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ጻፍኩ። ሻሼን አገኘሁት፣ አፍንጫዬን አገኘሁት፣ የአባቴን ግትርነት አገኘሁት። አንዳንዱ ላይ ሳቅኩ። የራሴን ኑሮ በሰው እጅ ጽሕፈት ሳነበው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

መቶ አሥራ ስምንተኛው ላይ ቆምኩ። ፍቺው «አለቀ፣ ተሟጠጠ» ይላል። ምሳሌው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሥሩ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቷ በአማርኛ ተመልሷል፦ «ለእህቴ የነበረኝ ትዕግሥት አለቀ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔም አይቼ ላምን አልቻልኩም። ከዚያ ቀኑን አየሁት። ቀኑን አውቀዋለሁ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ ሳህኑን ግድግዳ ላይ የወረወርኩበት ቀን ነው። «እንዲህ ስለሆንሽ ነው ማንም ያላገባሽ» ያልኳትም ያኔ ነው። በጨርቅ ግድግዳውን ወለወለች፤ እድፉ አሁንም ከሰዓቱ በታች አለ። የተናገርኩትን ረስታዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀን ሰጥታ፣ ቁጥር ሰጥታ አስቀምጣዋለች።

ቁርጤን አወቅኩ። እሁድ እሄዳለሁ። ልብሶቼ በአንድ ሻንጣ ይገባሉ፤ መድኃኒቶቼ ለብቻቸው በከረጢት። ካርዱን ቀድጄ ልጥለው እችል ነበር። ግን ጸሐፊ የተጻፈውን ነው የሚጽፈው። በፍርድ ቤት ስንቱን የባሰ ጽፌያለሁ። አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩትና ወደ መቶ አሥራ ዘጠኝ አለፍኩ።

የቀሩትን ስጽፍ ጣቶቼ ራሳቸውን ችለው ነበር የሚሠሩት። መቶ ሰባ ሦስተኛውን ስጨርስ ሰዓቱ አሥር ሆኗል። እህቴ የምትመጣበት፣ ውሃዬ የሚሞላበት ሰዓት እየቀረበ ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያነበብኳቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ገንዳቸውን በውሃ ሲሞሉ «ራን» ይሉ ነበር። ሣጥኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በረበርኩት። የለም። ወንዙ አለ፣ ቧንቧው አለ፣ አፍንጫዬ ሳይቀር አለ፤ ገንዳው ግን የለም። ስድስት ዓመት በየማታው ስታደርገው ኖራ አልጻፈችውም።

ያ ሾርባ የፈሰሰበት ማታስ? ግድግዳውን ወልውላ ስትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ መታጠቢያው ገባች። ውሃውን ከፈተች። እንደ ሁልጊዜው ሙቀቱን በክርኗ ለካች። ትዕግሥቷ ባለቀበት ማታም ጀርባዬን አጠበችኝ። ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም አጭር አልነበረም።

ከሣጥኑ ግርጌ አንድ ባዶ ካርድ አወጣሁ። በእጄ ከጻፍኩ ቆይቻለሁ፤ ፊደሎቼ ዘመሙ። «ገንዳ በውሃ መሙላት፣ መታጠቢያ ማዘጋጀት» አልኩ። ምሳሌውንም በቻልኩት እንግሊዝኛ ጻፍኩና ከሥሩ በአማርኛ መለስኩት፦ «እህቴ በየማታው ገንዳዬን ትሞላልኛለች፤ ሙቀቱን በክርኗ ትለካለች።» ቁጥር መቶ ሰባ አራት። ቀኑን ባዶ ተውኩት።

አንደኛው መታጠፊያ ላይ ቆመች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ገባችና የጫማ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ጨረስሽ?» አለች።

«ጨርሻለሁ፤ እዪው።»

ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ማየት ጀመረች። የት እንደደረሰች ከፊቷ እከታተላለሁ። መቶ አሥራ ስምንት ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ።

«ይቺን አውጥቻታለሁ ብዬ ነበር» አለች በቀስታ።

«አልወጣችም። ጸሐፊ ደግሞ የተጻፈውን ነው የሚጽፈው።»

«እትዬ...»

«እውነት ነበር?»

ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ግን ስድስት ዓመት ያልሆነ ነገር ሳትጽፍ የኖረች ሴት ናት።

«ያን ቀን እውነት ነበር» አለች።

በእጄ የጻፍኩትን አዲሱን ካርድ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አውልቃ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ያነበበችው መሰለኝ፤ ሦስት ጊዜም ሊሆን ይችላል።

«እንዴት ነው ይህን የዘለልኩት?» አለች።

«ደክሞሽ ነዋ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አመሏ ነውና «ቀን የለውም» አለች።

«የቱን ቀን ልጻፍ? በየቀኑ ነው።»

«ያለ ቀን አይገባም።»

ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፤ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈችና መለሰችልኝ። አየሁት። የጻፈችው የእሁድን ቀን ነው፤ የመጪውን እሁድ።

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ያልሆነ ነገር አይጻፍም አላላችሁም?»

«ይሆናል» አለች።

የጫማዋን ክር ፈታች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ስትከፍተው ቧንቧው እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ሳለና ፈሰሰ። ድምጿ በውሃው መሐል መጣ፤ ድካሙ እንዳለ ነው።

«ለእሱም ደውዪለት፣ እትዬ። ያን ሁሉ መንገድ ባዶ መኪና ይዞ እንዳይመላለስ።»